ሚዛኑን ማን መዘነው? የሐዲስ ዘጋቢዎች ምዘና በሱኒና በሺዓ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን ሆይ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብላችኋል። «የእኛ ሐዲስ ማን ከማን እንደ ሰማው በስም ተቆጥሮ የደረሰ ነው፤ የእናንተ ወንጌል ሰንሰለቱ የት አለ?» ይሏችኋል። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ከእኛ ወገን ሁለት የማይገቡ ነገሮች ሲደረጉ እናያለን። አንዳንዱ መልስ እንደሌለው ሰው አፍሮ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ተቀበለው፣ ማን እንደ ጣለው ሳይጠይቅ ከበይነ መረብ የለቀመውን «ሐዲስ» አንሥቶ ይወረውራል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይቃወማል።

የምንለው ነገር አንድ ነው። የዘጋቢዎች ምዘና ታላቅ የሊቃውንት ድካም ያለበት ጥበብ ቢሆንም፣ ከእምነት አስቀድሞ ለብቻው የቆመ ሚዛን ግን አይደለም። «መጀመሪያ ማን ይታመን?» የሚለውን የሚወስነው ሃይማኖት ነው፤ ሚዛኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ምስክራችን የእኛ ክስ ሳይሆን ሱኒና ሺዓ ዘጋቢዎችን የመዘኑበት ታሪክ ራሱ ነው።

ሰንሰለቱና መነሻው

ሐዲስ የሚባለው የእስልምና ነቢይ ሙሐመድ ተናገረው፣ ሠራው ወይም አይቶ በዝምታ አጸደቀው ተብሎ የሚተላለፍ ዘገባ ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ኢስናድ፣ ማለትም «እገሌ ከእገሌ ሰማ» የሚለው የዘጋቢዎች ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለተኛው መትን፣ ማለትም የዘገባው ቃል ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቅኔ ወይም ትርጓሜ አውቃለሁ የሚል ሁሉ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃልና።

ሰንሰለት መጠየቅ ግን ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ልማድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ729 የሞተው የባስራው ሊቅ ሙሐመድ ኢብን ሲሪን የተናገረውን ሙስሊም ኢብን አል-ሐጃጅ በሰሒሑ መግቢያ አስፍሮታል። አሳቡ ይህ ነው፤ ቀድሞ ሰዎች ስለ ሰንሰለት አይጠይቁም ነበር፤ ፊትና የተባለው የእርስ በርስ ሁከት ከመጣ በኋላ ግን የዘጋቢዎችን ስም መጠየቅ ጀመሩ፤ የሱና ሰዎች ሲሆኑ ዘገባቸውን ተቀበሉ፣ የቢድዓ ሰዎች ሲሆኑ ተዉት። ይህን ምስክርነት ልብ ብላችሁ ያዙት። በሊቃውንቱ በራሳቸው ቃል ምዘናው የጠነከረው መለያየት ከመጣ በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎቹም አንዱ «ይህ ሰው ከየትኛው ወገን ነው?» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተደከመው ድካም የሚናቅ አይደለም። ቡኻሪ (በ870 የሞተ) እና ሙስሊም (በ875 የሞተ) ሰሒሕ ያሏቸውን ዘገባዎች ለይተው ሰበሰቡ፤ የእነርሱ ሥራ ከሌሎች አራት ስብስቦች ጋር በሱኒዎች ዘንድ «ስድስቱ መጻሕፍት» ተባለ። በ1245 የሞተው ኢብን አስ-ሰላሕ ደንቡን አጠቃሎ ጻፈው። አንድ ዘገባ ሰሒሕ እንዲባል ሰንሰለቱ ያልተቋረጠ፣ ዘጋቢዎቹ ሁሉ በምግባራቸው የቀኑና የሰሙትን በመያዝ የጠነቀቁ፣ ዘገባውም ከእርሱ ከሚበልጡት የማያፈነግጥና ስውር ጉድለት የሌለበት መሆን አለበት። እንደ ዘሀቢና እንደ ኢብን ሐጀር ያሉ ሊቃውንትም በሺህ የሚቆጠሩ ዘጋቢዎችን ሕይወት መርምረው እያንዳንዱን በየደረጃው አስቀመጡት። በዚህ ትጋት የሚሳለቅ ክርስቲያን የሚገልጠው የራሱን አላዋቂነት ብቻ ነው።

በሚዛኑ ላይ የማይወጡት

እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ሰው ሲመዘን በሚዛኑ ላይ የማይወጣ አለን? አዎን፣ በሁለቱም ወገን አለ።

በሱኒ ሊቃውንት ዘንድ በሚዛኑ ላይ የማይወጡት ሶሓባዎች ናቸው። ሶሓባ ማለት ነቢያቸውን በእምነት አግኝቶ በእምነቱ የሞተ ሰው ነው። ሶሓባ ሊረሳ ወይም ሊሳሳት ይችላል ይላሉ፤ ነገር ግን በነቢዩ ላይ አስቦ ይዋሻል ተብሎ አይመረመርም። የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉት፣ ዓሊን የተከተሉትም ሆኑ የወጉት፣ ሁሉም በዚህ ክብር ውስጥ ይገባሉ። በ1449 የሞተው ኢብን ሐጀር «ተቅሪብ» በተባለው መጽሐፉ ዘጋቢዎችን በ12 ደረጃ ሲከፍል የመጀመሪያውን ደረጃ ለሶሓባ ሰጥቶታል፤ የሰጠበትም ምክንያት ሶሓባ መሆናቸው ነው። ምርመራው የሚጀምረው ከእነርሱ ቀጥሎ ካለው ትውልድ ነው።

የዐሥራ ሁለቱ ኢማሞች ተከታይ የሆነው ሺዓ ይህን አይቀበልም። በእርሱ ዘንድ ሶሓባም እንደ ማንኛውም ሰው አንድ በአንድ ይመዘናል፤ ዋናው መለኪያም ከነቢያቸው ሞት በኋላ ለዓሊ ያሳየው ታማኝነት ነው። ስለዚህ ሰልማን፣ አቡ ዘርና ሚቅዳድ ይከበራሉ፤ በሱኒው ዘንድ እጅግ የከበሩ ሌሎች ብዙዎች ግን ይነቀፋሉ። ታዲያ ሺዓ ሁሉንም መዘነ ማለት ነውን? አይደለም። እርሱም የማይመዝናቸው አሉት፤ እነርሱም ከኀጢአትና ከስሕተት የተጠበቁ ናቸው የሚላቸው ኢማሞች ናቸው። ሰንሰለቱ ከኢማሙ ዘንድ ከደረሰ በዚያ ይቆማል፤ የኢማሙ ቃል እንደ ነቢዩ ቃል ነውና።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ። የሺዓ ዘገባዎች አብዛኛዎቹ የሚደርሱት ወደ አምስተኛው ኢማም ወደ ሙሐመድ አል-ባቂር እና በ765 ወደ ሞተው ልጁ ወደ ጀዕፈር አስ-ሷዲቅ ነው። ሙሐመድ የሞተው በ632 ነው፤ ጀዕፈር የተወለደው ከዚያ ብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ጀዕፈር በመካከል ማንንም ሳይጠራ «ነቢዩ እንዲህ አለ» ቢል ለሱኒው መዛኝ ሰንሰለቱ ተቋርጧል፤ ለሺዓው ግን ሙሉ ነው። ሁለቱ መዛኞች በስሌት አልተለያዩም፤ የተለያዩት ጀዕፈር ማን ነው በሚለው እምነት ነው።

አንድ ሰው፣ ሁለት ፍርድ

ነገሩ በሰዎች ላይ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አቡ ሁረይራ በሱኒ ስብስቦች ከሶሓባ ሁሉ ብዙ ዘገባ የተላለፈበት ሰው ነው፤ ድግግሞሹ ሲጨመር ከ5,300 በላይ ይቆጠርለታል። ሱኒዎች ሕይወቱን ለመስማትና ለማጥናት የሰጠ ባለ ታላቅ ትውስታ ነው ይሉታል። የሺዓ ሊቃውንት ደግሞ ከሙሐመድ ጋር የኖረው ጥቂት ዓመት ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ከየት አመጣው ብለው ይጠይቃሉ፤ በ1957 የሞተው የሊባኖሱ ሊቅ ዐብዱል-ሑሰይን ሸረፉዲን እርሱን የሚነቅፍ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል።

በተቃራኒው ዙራራ ኢብን አዕየን የተባለውን የኩፋ ሰው ተመልከቱ። በሺዓው ዘንድ ከታላላቆቹ የታመኑ ዘጋቢዎች አንዱ ነው፤ በሱኒ መዛኞች መጻሕፍት ግን ከደካሞቹ ጋር ተዘርዝሯል። ይልቁንም አል-ከሺ በተባለው የሺዓ የዘጋቢዎች መጽሐፍ ውስጥ ኢማም ጀዕፈር ዙራራን ያመሰገነበትም የነቀፈበትም ቃል ተመዝግቦ ይገኛል። የሺዓ ሊቃውንት የነቀፋውን ቃል «ኢማሙ ከጠላት ሊሰውረው የተናገረው ነው» ብለው ይፈቱታል። ይህ አፈታት ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን ሚዛኑ ብቻውን የሰጠው ፍርድ አይደለም፤ አስቀድሞ የነበረ እምነት ሚዛኑን ሲያነብብ የሰጠው ፍርድ ነው።

ሦስተኛውን ምሳሌ የሺዓ ተከራካሪዎች ደጋግመው ያነሡታል። ቡኻሪ በሰሒሑ ውስጥ ዒምራን ኢብን ሒጧን ከተባለ ሰው ዘግቧል፤ ይህ ሰው ከኸዋሪጅ ወገን ሲሆን የዓሊን ገዳይ በግጥሙ ያወደሰ ነው። ከጀዕፈር አስ-ሷዲቅ ግን ቡኻሪ በሰሒሑ አልዘገበም። ፍትሐዊ ለመሆን የሱኒውንም መልስ መስማት አለብን። ቡኻሪ የታመነውን ሁሉ አልሰበሰበም፤ ሙስሊም ደግሞ ከጀዕፈር ዘግቧል፤ ብዙዎቹ የሱኒ ሊቃውንትም ጀዕፈርን ታማኝ ብለውታል። መልሱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች አንዱን ነገር አይተው የተለያየ ድምዳሜ ላይ መድረሳቸውን አያስቀረውም።

ሰንሰለቱን ሁለቱም በተቀበሉበት ቦታ እንኳ ክርክሩ አያበቃም። ሙሐመድ ለተከታዮቹ ሁለት ከባድ ነገሮችን እንደ ተወላቸው የሚናገረው ዘገባ በሰሒሕ ሙስሊም ከዘይድ ኢብን አርቀም ተላልፏል፤ በዚያ የተጠቀሱት የአላህ መጽሐፍና የነቢዩ ቤተሰብ ናቸው። በሱኒ ስብከት ዘወትር የሚሰማው «መጽሐፍና ሱና» የሚለው ቃል ግን በማሊክ ሙወጧ ውስጥ «ደርሶኛል» ተብሎ ያለ ሰንሰለት የተቀመጠ ነው፤ ሰንሰለት ያቀረቡለት ሌሎች ናቸው። ሺዓው የመጀመሪያውን ይዞ ሥልጣን የቤተሰቡ ነው ይላል። ሱኒው ያንኑ ቃል ተቀብሎ ቤተሰቡን ማክበር ግዴታ መሆኑን ብቻ ያነብበታል። በሰሒሕነቱ የተስማሙበት ዘገባ አላስታረቃቸውም።

መስመሩን የተሻገሩ

እዚህ ላይ ከእኛ ተከራካሪዎች አንዳንዶቹ ተቻኩለው «እንግዲያው እያንዳንዱ የራሱን ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው» ይላሉ። ይህ ሐሰት ነው፤ ለእውነት የቆመ ሰው ሐሰትን መሣሪያ አያደርግም። አባን ኢብን ተግሊብ የታወቀ ሺዓ ነበር፤ ሙስሊም ግን ዘግቦለታል። ዘሀቢም ስለ እርሱ ሲጽፍ እውነተኛነቱ ለእኛ፣ ቢድዓው በራሱ ላይ ነው የሚል ፍርድ ሰጥቷል። በሺዓም በኩል «ሙወሠቅ» የሚባል ደረጃ አለ፤ ትርጉሙም ዘጋቢው እምነቱ ከእነርሱ የተለየ ሆኖ ሳለ በቃሉ የታመነ ነው ማለት ነው። ይህ በሁለቱም ወገን የሚመሰገን ጨዋነት ነው።

ነገር ግን ጨዋነቱም ድንበር አለው። ብዙ የሱኒ ሊቃውንት የቢድዓ ሰው የሚዘግበው ዘገባ የራሱን ቢድዓ የሚደግፍ ከሆነ ሊቀበሉት አይወዱም። ደንቡ ምክንያት አለው፤ ሰው ለወገኑ ያደላልና። ታዲያ ማን የቢድዓ ሰው እንደ ሆነ የሚወስነው ማን ነው? አሁንም ሃይማኖቱ ነው። ሱኒው ስለ ሶሓባ ክብር ሲዘግብ ለወገኑ አደላ አይባልም፤ ሺዓው ስለ ዓሊ ሥልጣን ሲዘግብ ይባላል። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል።

አል-ካፊን ለማን ትጠቅሳለህ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በሀገራችን ያሉ ሙስሊሞች እጅግ አብዛኞቹ ሱኒ ናቸው። ሆኖም ከእኛ አንዳንዱ ለሱኒ ጓደኛው ከአል-ካፊ ጠቅሶ «መጽሐፍህ እንዲህ ይላል» ሲል ይሰማል። አል-ካፊ በ941 የሞተው የኩለይኒ ስብስብ ሲሆን ከሺዓ አራት መሠረታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ የሱኒው መጽሐፍ አይደለም።

ለሺዓውም ቢሆን እንዲሁ መወርወር አይገባም። የጥንት የሺዓ ሊቃውንት ዘገባን የሚቀበሉት በዘጋቢው ማንነት ብቻ ሳይሆን ከታመኑ የቀድሞ ጽሑፎች መገኘቱንና ሌሎች ምልክቶችን አይተው ነበር። ሰሒሕ፣ ሐሰን፣ ሙወሠቅና ደዒፍ የሚለው ባለ አራት ክፍል ምዘና በእነርሱ ዘንድ የጸናው በ13ኛው መቶ ዘመን በአሕመድ ኢብን ጧውስ፣ ኋላም በ1325 በሞተው ደቀ መዝሙሩ በአል-ሒሊ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አኽባሪ የተባሉት ወገኖች «ይህ ከሱኒ የተኮረጀ ነው፤ አራቱ መጻሕፍት የታመኑ ናቸው» ብለው ተነሡ፤ ኡሱሊ የተባሉት ደግሞ ምዘናውን ይዘው ተከራከሩ፣ ኋላም አየሉ። በኋለኛው ምዘና መሠረት ከ16,000 በላይ ከሆኑት የአል-ካፊ ዘገባዎች ከግማሽ የሚበልጡት ደካማ ተብለዋል። በ1992 የሞተው የነጀፉ ሊቅ አል-ኹኢም ከ20 በላይ ቅጽ ያለው የዘጋቢዎች መዝገብ ያዘጋጀው የአራቱ መጻሕፍት ዘገባ ሁሉ ሳይመረመር አይወሰድም ብሎ ስላመነ ነው።

ሚዛኑን በተገላቢጦሽ አስቡት። «የበርናባስ ወንጌል» የሚባለውን መጽሐፍ አንድ ሰው አምጥቶ «ወንጌላችሁ እንዲህ ይላል» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? የሚታወቁት ቅጂዎቹ ከ16ኛው መቶ ዘመን አይቀድሙም፤ ቤተ ክርስቲያናችን አታውቀውም ትላላችሁ፤ ትክክልም ናችሁ። እንግዲያው ለእናንተ ሲደረግ የሚያስቆጣችሁን በሌላው ላይ አታድርጉ።

የሐበሻው ስደት ዘገባ

ይህ ምዘና ከእኛ ሩቅ የሆነ የዐረቦች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ መጥተው በንጉሡ ፊት መቆማቸውን የሚተርከው ሰፊ ዘገባ የተላለፈው በኢብን ኢስሓቅ (በ767 ገደማ የሞተ) ሲሆን ሰንሰለቱ ከስደተኞቹ ወደ አንዷ ወደ ኡሙ ሰለማ ይደርሳል። ይህን ኢብን ኢስሓቅን ታላቁ ማሊክ አጥብቆ ነቅፎታል፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን እጅግ አመስግነውታል፤ ኢብን ሐጀርም እውነተኛነቱን መስክሮ፣ የሰማበትን ሰው ይሰውራልና ወደ ሺዓም ያዘነብላል ተብሎ መታማቱን መዝግቧል። በሀገራችን በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የሚነገረው ታሪክ የቆመው እንግዲህ በዚህ አከራካሪ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ከእኛ ብዙዎች የንጉሡን ፍትሕና እንግዳ ተቀባይነት የሚያመሰግነውን ክፍል በደስታ ይጠቅሳሉ፤ ሙሐመድ ለንጉሡ የሙታን ጸሎት አደረገለት የሚለውንና በቡኻሪ ከአቡ ሁረይራና ከጃቢር የተዘገበውን ግን «ሐዲስ ሐሰት ነው» ብለው በአንድ ቃል ይጥላሉ። በምን ሚዛን ተቀበልነው? በምንስ ሚዛን ጣልነው? የሚወደውን እየለቀመ የሚጠላውን የሚጥል ሰው ተከራካሪ ሳይሆን ለቃሚ ነው። የንጉሡን መስለም አንቀበልም የምንል ከሆነ በታወቀ ነገር እንናገር፤ በአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ላይ መስቀል ሳንቲሙ እስኪቋረጥ ድረስ እንደ ነበረ፣ መንግሥቱም ክርስቲያን ሆኖ እንደ ቀጠለ እናሳይ።

«የእናንተስ ሰንሰለት የት አለ?»

ለዚህ ጥያቄ የምንመልሰው በድፍረትና በሐቅ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ (ሉቃ. 1፥1-4) ነገሩን ከዐይን ምስክሮች ተቀብሎ በጥንቃቄ መርምሮ እንደ ጻፈ ያስረዳል። ቅዱስ ጳውሎስ (1ቆሮ. 15፥3-8) የተቀበለውን እንዳስተላለፈ ገልጦ የትንሣኤውን ምስክሮች ይቆጥራል፤ ብዙዎቹም በዚያ ጊዜ ገና በሕይወት ስለ ነበሩ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። በ180 ገደማ የጻፈው ቅዱስ ሄሬኔዎስ በልጅነቱ ቅዱስ ፖሊካርፐስን ሰምቷል፤ ፖሊካርፐስም የሐዋርያው የዮሐንስ ደቀ መዝሙር ነበር። ለእኛም ለኢትዮጵያውያን አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተሾመው በማርቆስ መንበር ከተቀመጠው ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው።

ነገር ግን ከሌላው የጠየቅነውን ከራሳችን አንሸሽ። እኛም አስቀድመን የምናምነው አለን፤ ሐዋርያት እውነተኛ ምስክሮች ናቸው፣ መንፈስ ቅዱስም ቤተ ክርስቲያንን አልተዋትም ብለን እንጀምራለን። የስም ዝርዝር ብቻውን እንደማይበቃም ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ በእስክንድርያ ሁለት ወገን ፓትርያርኮች ተሾሙ፤ ሁለቱም ዝርዝራቸውን እስከ ቅዱስ ማርቆስ ያደርሳሉ። የለየን ዝርዝሩ ሳይሆን በዝርዝሩ የተላለፈው ሃይማኖት ነው። ስለዚህ እኛ «ገለልተኛ ሚዛን በእጃችን አለ፤ ኑና ተመዘኑ» አንልም። በአደባባይ የተሰበከ፣ በጉባኤ የተነበበ፣ በደም የተመሰከረ እምነት ተቀብለናል እንላለን። «ሰንሰለት አለኝ፤ ስለዚህ እውነት የእኔ ነው» የሚለን ሰው ግን አስቀድሞ ይህን ይመልስ፤ ሰንሰለት ብቻውን የሚፈርድ ከሆነ ሰንሰለትን እንደ እርሱ የሚያከብር ሌላ ወገን ለምን ከእርሱ ተለየ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወጣቶች ሆይ፤ ሐዲስ ከመጥቀሳችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። መጽሐፉ የማን ነው? የምናገረው ሰው ይቀበለዋልን? ዘገባው በማን ተመዘነ፤ ምንስ ተባለ? ሊቃውንታቸውስ እንዴት ፈቱት? እነዚህን ሳትመልሱ አፋችሁን አትክፈቱ። በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከር የሚለው ትእዛዝ ባልንጀራው ሙስሊም ሲሆን አይሻርም። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም (1ጴጥ. 3፥15) ስለ ተስፋችን መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ ሲያዝዝ በየዋህነትና በአክብሮት እንድናደርገው ነው።

በሚጠይቃችሁም ሰው ፊት አትፈሩ። ሰንሰለቱን አክብሩ፤ የሊቃውንቱን ድካም አመስግኑ፤ ከዚያም በትሕትና «ሚዛኑንስ ማን መዘነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ውይይት ማን እንደሚታመን፣ ለምንስ እንደሚታመን የሚመረመርበት ይሆናል። በዚያ ስለ ክርስቶስ ለመመስከር የሚበቃችሁን እንድታውቁ ግን አስቀድማችሁ የራሳችሁን መጻሕፍት አንብቡ፤ ከመምህራን እግር ሥር ተቀመጡ። የሰውን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚቸኩል፣ የራሱን ግን የማያውቅ ወጣት ለቤተ ክርስቲያን ጥብቅና ሊቆም አይችልምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።